ከበረካ በኋላ ምን ይቀዳል?



ባለፈው እሑድ ማታ በመዝናኛ ክበባችን ያልነበራችሁ ካላችሁ የሆነውን እንንገራችሁ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ ስለ ዋለ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወንበር ያጣው መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ መስኮት ያጣውም ቆሟል። በቴሌቪዥኑ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ዓይነት የቤተሰብ ኮሜዲ ይታይ ነበር። አባወራው በሩን ከፍቶ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ የሚናገረውን ቃል ቀድሞ ተናገረለት። አባወራውም ያንኑ ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ተናገረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ነገር ግን የሳቅነው በተማሪው እንጂ በተዋናዩ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማየቱ ቀርቶ ውድድር ሆነ። «አሁን ትደናቀፋለች»፣ «አሁን ይደነግጣል»፣ «አሁን ማስታወቂያው ይመጣል» እየተባባልን ግማሹን ሰዓት ጨረስን። የተሳሳትነው ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በዚያ ምሽት ወደ መኝታ ክፍላችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ያነሣነው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነ። ለመሆኑ ተመልካቹ ከደራሲው ቀድሞ የሚያውቀው ቀልድ ለምን ይቀጥላል? በመቀጠሉ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጎዳውስ?

«ስለ ምግብና ስለ መኝታ፣ ስለ ፈተናና ስለ ውጤት መጻፍ ሲገባችሁ በቴሌቪዥን ጨዋታ ወረቀት ታባክናላችሁን?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አንድ ሕዝብ በምን እንደሚስቅና በማን እንደሚስቅ መመርመር ከምግብ ዝርዝር የሚያንስ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው ሥራ ኮሜዲ መሆኑን አንዘንጋ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ እንስሳትን አናግረው የዘመኑን የመንግሥት አሠራር ጉድለት አሳዩ። የተገኘውም መልስ እገዳ ነበር። የዚያን ጊዜ ሹማምንት ቀልድ ከቀልድ በላይ መሆኑን በሚገባ ተረድተውታል ማለት ነው። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ከእነሱ ያነሰ ልንረዳ አይገባንም።

በቅድሚያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋናውን እንስጥ። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በአጫጭር ጨዋታዎቻቸው፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰም በመድረክና በካሴት ወላጆቻችንን አስቀዋል። የእነሱ ጨዋታ ይጀመርና ያልቃል፤ በሚቀጥለው ሌላ ሰው ሆነው፣ ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ በኋላ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት የዘለቀው፣ ክፍሎቹም በመቶ የሚቆጠሩት የጥላሁን ጉግሳና የባልደረቦቹ «ቤቶች» ከእኛ ልጅነት ጋር አብሮ አድጓል። አያትና የልጅ ልጅ ሳይተፋፈሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያዩት ነገር ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። በየሳምንቱ ሰው ለማሳቅ መቀመጥም ከባድ እንጀራ ነው። ስለዚህ ክርክራችን ከአንድ ድራማ ወይም ከአንድ ተዋናይ ጋር አይደለም። ክርክራችን ማለቅ ከተሳነው የኮሜዲ ዓይነት ጋር ነው።

ብዙ ሰው «አረጀ፤ ዕድሜው ረዘመ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ ግን ጥፋቱን በዕድሜ ላይ ማላከክ ስሕተት ነው እንላለን። ለዚህም ሦስት ምስክሮች እንጠራለን።

የመጀመሪያው ምስክር አዝማሪ ነው። አዝማሪው ዕድሜ ልኩን የሚገዘግዘው አንዲት ማሲንቆ ነው፤ እሷም ባለ አንድ ክር ናት። ዜማዎቹም ቢቆጠሩ ብዙ አይደሉም። ታዲያ ሰው ለምን አይሰለቸውም? በሩን ከፍቶ የሚገባውን እንግዳ ስለሚያይ ነው። ኮቱን ያያል፣ አብራው የመጣችውን ያያል፣ ኪሱን ሲዳብስ ያያል፤ ግጥሙም ስለዚያ ሰው፣ ስለዚያች ሌሊት ይሆናል። ማሲንቆው ያው ነው፤ እንግዳው ግን አዲስ ነው።

ሁለተኛው ምስክር አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። እኚህ ሊቅ የኖሩት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዛሬም ግን በስማቸው ይሳቃል። እሳቸው ያልተናገሩትን ሁሉ ሕዝቡ በስማቸው እየፈጠረ ይጨምርላቸዋል። ሰውየው አይለወጡም፤ የሚገጥማቸው ነገር ግን በየጊዜው ሌላ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ መቶ ዓመት ሳይሻግት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ምስክር አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ቴሌቪዥን በአገራችን ከተከፈተበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲናገሩ ኖረዋል። የሠሩት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ ነው። ልጆች ያድጋሉ፤ ሌሎች ልጆች ይተካሉ፤ እሳቸውም ለመጡት እንደ አዲስ ይናገራሉ። ባደጉት ልጆች ላይ የሙጥኝ አላሉም።

እንግዲህ ዕድሜ ብቻውን አያሻግትም። የሚያሻግተው ምንድን ነው? እኛ እስከ ተረዳነው ድረስ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ድራማው ከሕይወት መቅዳቱን ትቶ ከራሱ መቅዳት ይጀምራል። በመጀመሪያው ክፍል ደራሲው ንፉጉን ሰው ሲፈጥር ከሚያውቀው ንፉግ ጎረቤት ይቀዳዋል። ያ ንፉግ ልጅ ይወዳል፣ ጨለማ ይፈራል፣ አንዳንድ ቀንም ሳያስበው ይቸራል። ከመቶ ክፍል በኋላ ግን ደራሲው ንፉጉን የሚቀዳው ካለፈው ሳምንት ንፉግ ነው። ሰውየው ይጠፋና ንፍገቱ ብቻውን ልብስ ለብሶ ይሄዳል። ይህችን ጋዜጣ በስቴንስል የምናባዛ ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ስቴንስሉ ሲዳከም «ሀ» እና «ሁ» አይለዩም። ያን ጊዜ እንደ ገና መተየብ እንጂ ቀለም ማብዛት አይረዳም።

ሁለተኛ፤ በዚህ ዓይነት ድራማ ውስጥ ነገር ሁሉ በመጨረሻው ደቂቃ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ተጣሉ፤ ታረቁ። ከሰሩ፤ ዳኑ። ተባረረች፤ ተመለሰች። ማንም ምንም አይማርም፤ ቢማር የሚቀጥለው ሳምንት ቀልድ ይቀራልና። በዚህ መካከል ተመልካቹ አድጓል፣ ተምሯል፣ ሥራ ይዟል፣ ቀብሯል፣ ወልዷል። እሱ ሲለወጥ ሳሎኑ አይለወጥም።

ሦስተኛ፤ የድካም ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ኮሜዲ ብዙ ጊዜ ስድስት ክፍል ታይቶ ያርፋል። «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የሆቴል ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 የታየ ሲሆን ጠቅላላ ክፍሎቹ 12 ብቻ ናቸው። እዚህ ቦንጋ ሳይቀር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው «ሚስተር ቢን» በተዋናይ የተሠራው ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ክፍሎቹ 15 ናቸው። አሜሪካኖች ብዙ ክፍል ይሠራሉ፤ ነገር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ደራሲዎችን ያስቀምጣሉ፤ በየዓመቱም የዕረፍት ወራት አላቸው። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዎች ጽፈው፣ አዘጋጅተው፣ ተጫውተው፣ ገንዘቡንም ፈልገው በየሳምንቱ ያደርሳሉ። በሬ እንኳ ከሁለት ጥማድ በኋላ ይፈታል።

አራተኛ፤ ስፖንሰሩ ነው። ስፖንሰር የሚገዛው ቀልዱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ሰዓቱ ሰው እስካለው ድረስ ቀልዱ ቢሞትም ግድ የለውም። ስለሆነም ቀስ በቀስ ሶፋው፣ ቀለሙ፣ ዘይቱና ዱቄቱ ከተዋናዮቹ የበለጠ መስመር ይሰጣቸዋል። እናት ልጇን ስትመክር መሐል ላይ ቆም ብላ የዘይቱን ጥራት ታስረዳለች። ይህን ያየ ሰው ድራማው ለምን አያልቅም ብሎ አይጠይቅም፤ ሱቅ የሚዘጋው ገዢ ሲያጣ ነውና።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን እናምናለን። በአሜሪካ «ሀፒ ዴይስ» የተባለ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1974 ተጀመረ። በ1977 ደራሲዎቹ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ዋናውን ጎረምሳ የቆዳ ጃኬቱን እንደ ለበሰ በውሃ ላይ በመንሸራተቻ አስኬደው ሻርክ በተባለው አውሬ ዓሣ ላይ አዘለሉት። አሜሪካኖች ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ውሉን ሲስት «ሻርኩን ዘለለ» ይሉታል። የሚያስገርመው ግን መዝለሉ አይደለም። ድራማው ከዘለለ በኋላ እስከ 1984 ድረስ መኖሩ ነው። «ሕዝቡ እያየው ነውና ጥሩ ነው» ለሚሉን መልሱ ይኸው። ሕዝብ ከልማድ የተነሣ ብዙ ነገር ያያል። እኛም እሑድ ማታ አይተናል፤ ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፣ ውጪው ዝናብ ነው።

አሁን ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ ደርሰናል። እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ መሰልቸት ነው፤ መሰልቸት ደግሞ ማንንም አይገድልም። የሚቀጥለው ግን ስለ መሰልቸት አይደለም።

አዲስ ነገር ያለቀበት ደራሲ የማይነጥፍ የሚመስለው አንድ ጎተራ አለው። ያም የባላገር አንደበት ነው። ቀልዱ ሲደርቅ የቤት ሠራተኛዋ ትጠራለች፤ ዘበኛው ይጠራል፤ ከገጠር የመጣ የአክስት ልጅ ጥቅልሉን ይዞ በር ያንኳኳል። እንዲያስቅ የሚፈለገው በሚያስበው ነገር አይደለም፤ በሚናገርበት አኳኋን ነው። ቃል ያጣምማል፤ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይላል፤ ሊፍት ሲያይ ይጮኻል። የተቀዳው ሳቅም ይለቀቃል።

ከሁሉ የሚደንቀን በቴሌቪዥን አገር ውስጥ አንድ ገጠር ብቻ መኖሩ ነው። ከጎጀብ ማዶ የመጣው፣ ከዳውሮ የመጣው፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው፣ ከጉራጌ የመጣው ሁሉ በአንድ ዓይነት አማርኛ ይንተባተባል። ያ አማርኛ ደግሞ በየትኛውም ወረዳ የሚነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነገር፣ የባላገር ስም የተለጠፈበት አነጋገር ነው። ደራሲው ባላገሩን አላየውም፤ ያየው በሌላ ድራማ ውስጥ የነበረውን ባላገር ነው። እንደ ገና ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ! የመሻገቱ በሽታና ይህ የንቀት በሽታ አንድ ሥር አላቸው ስንል ይህን ማለታችን ነው። ሁለቱም ካለማየት ይመጣሉ።

ምን ጉዳት አለው? አንድ ነገር እንንገራችሁ። ካቻምና ከመካከላችን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። እዚሁ ካፋ ውስጥ፣ ከከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ ያደገች ናት። በክፍል ውስጥ እጇን ታወጣ ነበር፤ ጥያቄዋም ብዙ ጊዜ እኛ ለመጠየቅ ያፈርነው ነበር። አንድ ቀን ስትናገር አንድ ግሥ ተሳሳተባት። ከኋላ አንድ ልጅ የአንዲት የቴሌቪዥን ቤት ሠራተኛ ስም ጠራ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ያ ሆነ። በሁለተኛው መንፈቅ እጇን አላወጣችም። ትምህርቷን አልተወችም፤ ውጤቷም አልወደቀም፤ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት። ጥያቄዋን ግን አልሰማነውም።

ይህች ልጅ በቤቷ ካፊ ኖኖ ትናገራለች። አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ተማረች። ትምህርቷን የምትከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ቋንቋ በምትናገር ልጅ ላይ አንድ ቋንቋ ብቻ የምንናገር ሰዎች ሳቅንባት። ማን አሳቀን? በእርግጥ ቴሌቪዥኑ ስሙን ሰጠን። የሳቅነው ግን እኛ ነን። ከካፋ የተወለድነውም ሳቅን፤ ምናልባትም አማርኛችን የጠራ መሆኑን ለማሳየት ከሌላው ጮኽ ብለን ሳቅን። ይህን በጽሑፍ ስናሰፍር ኀፍረት ይሰማናል፤ ሳንጽፈው ብንቀር ግን የበለጠ ያሳፍረናል።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እንጠብቃለን።

«ቀልድ ማጋነን ነው፤ ጎንደሬውና ጎጃሜው፣ መንዜውና ጉራጌው ሲቀላለዱ ኖረዋል፤ እናንተ ቀልድ አታውቁም» ይሉናል። እኛም መቀላለድን አንጠላም። እዚህም ካፋና ጅማ ስለ ቡና መነሻ ሲከራከሩ ያልሳቀ ማን ነው? ልዩነቱ መልስ የመስጠት ዕድል ነው። አዝማሪውም ይሰድባል፤ ተሰዳቢው ግን እዚያው ተቀምጧል፣ ግጥም ጥሎ ይመልሳል። የቴሌቪዥኗ ሠራተኛ ግን የምትናገረው ሌላው የጻፈላትን ነው። አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ጨዋታ መቀላለድ አይባልም።

«ሠራተኛዋና ዘበኛው እኮ በድራማው ውስጥ በጣም የሚወደዱ ናቸው» ይሉናል። እውነት ነው፤ ይወደዳሉ። ከተዋናዮቻችን መካከል እጅግ ባለ ተሰጥዎዎቹ የሚጫወቱት እነዚህኑ ነው። ታዲያ በጣም የሚወደደው ሰው ከመቶ ክፍል በኋላም ማንበብ ያልተማረበት፣ የአገሩ ስም ያልተጠራበት፣ እናቱ ማን እንደሆነች ያልተነገረበት ምክንያት ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ፍቅር ለእኛ አይበቃንም።

«ሌላ ነገር ቢጻፍ አይፈቀድም» የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ አናቃልለውም። በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» አንዲት ካፌን አገር አድርጎ፣ አስተናጋጁንና ባለቤቷን፣ ደንበኛውንና ተቆጣጣሪውን እያገናኘ የሳምንቱን የአገር ጉዳይ በቡና ስኒ ያቀርብ ነበር። ሰው ዓርብና ቅዳሜ ያወራውን ነገር እዚያ ያገኘው ነበር። ቦታው አንድ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛዎቹም ያው ናቸው፤ ግን አላረጀም፤ በሩ ወደ መንገድ ክፍት ነበርና። ዕድሜው እንደ ሌሎቹ አልረዘመም። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ትኩስ ኮሜዲ በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ አቅም መሠራት ይችላል፤ ደግሞም ወደ ውጭ የሚያይ ኮሜዲ ወዳጁም ባላጋራውም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሹም መንቀፍ ስለሚከብድ የቤት ሠራተኛ መንቀፍ ይገባል የሚል ሕግ ከየት መጣ? ወደ ላይ መሳቅ ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ታች ለመሳቅ አይገደድም። ወደ ራሱ መሳቅም አለ፤ ለዚያ ፈቃድ አያስፈልግም።

ወገኖቻችን፤ እኛ የምንማረው በቡና አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በካፋ የሚገኘውን የቡና ደን የባዮስፌር ክልል ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ስለ ቡና አፈላል ማንም አያስተምረን። የመጀመሪያው አቦል ነው፤ ወፍራም ነው፣ ራስን ያነቃል። ሁለተኛው ቶና ነው፤ ቀለል ይላል፣ ወሬው ግን ይደምቃል። ሦስተኛው በረካ ነው፤ ውሃነቱ ያመዝናል፣ ሰው የሚጠብቀው ለቡናው ሳይሆን ለምርቃቱ ነው። ከበረካ በኋላ አራተኛ የሚቀዳ እናት አይተን አናውቅም። አተላው ይደፋል፤ ጀበናው ይታጠባል። ጀበናው ግን አይሰበርም! ነገ ሌላ ቡና ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በዚያው ጀበና ይፈላል።

የምንለው ይህንኑ ነው። የቤተሰብ ኮሜዲ ጀበና ነው፤ ይሰበር አላልንም። በአንድ አተላ ላይ ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ውሃ እየጨመሩ «ቡና ጠጡ» ማለት ግን ይቁም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ድራማ አዘጋጆችን፤ ስትጀምሩ መጨረሻውን ወስኑ። መጨረሻ ያለው ነገር ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ መጨረሻ የሌለው ግን ባለበት ይረግጣል። ደራሲዎቻችሁን አሳርፉ፤ ቁጥራቸውንም አብዙ። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ብንኖርም መንገድ አለ፤ ኑና እዩን፤ ወይም ከእኛ የሚጽፍ ሰው ውሰዱ። ከገጠር የምታመጡት ሰው የአንድ የታወቀ አገር ሰው ይሁን፤ ብልጠቱም ሞኝነቱም የራሱ ይሁን። ከተሜው ካፋ መጥቶ ጫካ ውስጥ ሲጠፋ፣ የካፊ ኖኖ ሰላምታ ሲያጣምም አንድ ጊዜ እንኳ አሳዩን፤ እኛም በተራችን እንሳቅ።

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራንን፤ ሳቅን ከትምህርት ውጭ አታድርጉት። ስለ አሳዛኝ ተውኔት ብዙ አስተማራችሁን። ስለ ኮሜዲ የተማርነው ግን ከትርጓሜው አያልፍም። የአዝማሪን ግጥም፣ የአለቃን ጨዋታ፣ በካፊ ኖኖ የሚነገረውን ተረትና ቀልድ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጡን፤ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ እንሰብስበው።

ራሳችንንም፤ መንቀፍ ብቻውን ሥራ አይደለም። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ዓርብ ማታ በመዝናኛ ክበባችን ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ በራሳችን የተጻፈ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ እንድናቀርብ ለማኅበራችን ሐሳብ አቅርበናል። ርእስ የሚቸግረን አይመስለንም። አቦል ሳይቀዳ አበል የሚጠየቅበት ስብሰባ አለ። በአንድ ፎርም ላይ አምስት ፊርማ ለማግኘት አምስት ቀን የሚዞር ተማሪ አለ። የቅዳሜ ገበያ ላይ የቡና ነጋዴና የማር ነጋዴ ሚዛን እየተበዳደሩ የሚሰዳደቡበት ቦታ አለ። ቡናን ያገኘው እረኛው ካልዲ ነው ወይስ ፍየሏ የሚለውም አለ፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ፍየሏን የጠየቀ ጋዜጠኛ የለም። ጽሑፉ በአማርኛ ወይም በካፊ ኖኖ ሊሆን ይችላል፤ የሸካው፣ የቤንቹ፣ የዳውሮውና የኮንታው ተማሪም በቋንቋው ቢያመጣ የሚያስረዳን ሰው እናገኛለን።

ደንቦቹ ሁለት ብቻ ናቸው። የማንም አንደበት ራሱ ቀልድ አይሆንም። አንድ ገጸ ባሕርይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይቀርብም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከዚያ በኋላ ጀበናው ይታጠባል።

ከላይ ያነሣናትን እኅታችንን ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አስነብበናታል፤ ፈቅዳልናለች። አንብባ ስትጨርስ «የመጀመሪያውን እኔ እጽፈዋለሁ» አለችን። ስለ ምን እንደሆነ ብንጠይቃት አልነገረችንም። እንግዲህ ዓርብ ማታ ወንበር የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ኑ። ምን እንደምትል ቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰው በአዳራሹ ውስጥ አይኖርም።